የእኔን ማን ይጽፍልኛል?

ደብዳቤውን አገኘሁ። «ጋሼን መቼ ነው የምትነግራቸው?» እያላችሁ መልእክት ስትልኩልኝ ለከረማችሁ ሁሉ፣ እነሆ ለምሠራበት ጋራዥ ባለቤት፣ ለጋሼ፣ ከአገር ለመውጣት እያሰብኩ መሆኔን ነገርኳቸው፤ የሥራ ልምድ ማስረጃዬንም ጽፈው፣ ፈርመውና ማኅተም አሳርፈው ሰጡኝ። ስለዚህ በዛሬው ክፍል አወራበታለሁ ያልኳችሁ የፍሬን ሸራ ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍልኝ። መኪናዬ ድምፅ አላት ስለሚለው ደንበኛችን፣ ስለ ቪትዙ ሰውዬ፣ ለምትጠይቁኝም፣ ድምፁ አሁንም አለ፤ እኛ አልሰማነውም፣ እርሱ ግን ይሰማዋል።

ደብዳቤው በመገኘቱ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ አላለኝም ማለትም አልችልም። ነገር ግን ጋሼ ወረቀቱን ሲሰጡኝ የተናገሯት አንዲት ነገር ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣ ብላለች፤ ለማንም ሳልነግር ይዣት ከምቆይ ለእናንተ ብነግራችሁ ይሻላል ብዬ ነው ማይክሮፎኑን የከፈትኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ እስኪቀንስ ጠብቄ፣ «ቢሮው» እያልን ወደምንቀልድባት የቆርቆሮ ክፍል ገባሁ። ጋሼ የአንድ ዲ ፎር ዲ ሚኒባስ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን፣ አስወርደው፣ በሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ የተቃጠለበትን ቦታ በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር። «ጋሼ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲጽፉልኝ ፈልጌ ነበር» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ «ለባንክ ነው?» አሉኝ። «ለጀርመን ነው» አልኳቸው። ጣታቸው ጓርኒሲዮኑ ላይ ቆመ፤ ከዚያ እስከ ዳር ድረስ ዳስሰው ጨረሱ።

ቀጥለው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ከመሳቢያው ወረቀት አወጡና በእነዚያ ትልልቅ ፊደሎቻቸው መጻፍ ጀመሩ። ሞተር ማውረድና መግጠም፣ ካምቢዮ መክፈት፣ ፍሪሲዮን መቀየር፣ የኤሌክትሪክ መስመር መፈተሽ፣ ብልሽትን በስካነር መለየት፤ አንድም ሳያስቀሩ፣ የማልችለውን አንድም ሳይጨምሩ ዘረዘሩት። እኔ ሮጬ በኮምፒዩተር አስጽፌ አመጣሁላቸው። ማኅተሙን በትንፋሻቸው አሙቀው አሳረፉት፤ ቀለሙ ቢደበዝዝባቸው አጠገቡ ደገሙት። ከዚያም ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡትና፣ «መልካም ነው። የእኔን ማን ይጽፍልኛል?» አሉኝ።

እኔ ሳቅኩ። እርሳቸው አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ደረት ኪሳቸው ከተቱና «ቶርኖ ቤቱ ሳይዘጋ ያንን ቴስታታ አድርስልኝ» ብለውኝ ወጡ። ከዚህ የዘለለ ነገር አልተባለም። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ፣ እርሳቸው አላነሡትም፤ እኔም አላነሣሁም።

መጀመሪያ ቀልድ ነው ብዬ ነበር። ነገር ግን ጋሼ ሲቀልዱ ቀልዱ ሳያልቅ ራሳቸው ቀድመው የሚስቁ ሰው ናቸው፤ ይህንን በላዳው ታሪክ ጊዜ ራሳችሁ ሰምታችኋል፣ ታሪኩን በሳቃቸው ምክንያት ሳንጨርሰው ነው የቀረነው። ቀጥሎ ወቀሳ ነው ብዬ አሰብኩ፤ «ያስተማርኩህም እኔ፣ ሲሄድ መስክርለት የምባለውም እኔ» ማለታቸው መስሎኝ ቶርኖ ቤት እስክደርስ ድረስ ስከፋ ነበር። ሦስተኛውን ለማሰብ ቀናት ወሰደብኝ። የምራቸውን ጠይቀውኝ ቢሆንስ? ከአርባ ዓመት በላይ በዚህ ሙያ የኖረ ሰው፣ የእኔን ሥራ ዝርዝር በወረቀት ላይ ሲያነብ፣ ይህ ሁሉ የእኔም ነው፣ ለእኔ ግን እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ከበላዬ ማንም የለም ብሎ ቢሆንስ?

እዚህ ላይ የሕጉን ነገር ላንሣ፤ ያለ እርሱ ነገሩ አይገባችሁም። ጀርመን ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የሚመጣ የሠለጠነ ሠራተኛ የሚገባበትን ሕግ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ አውላ በ2023 አሻሽላዋለች። ቻንሰንካርተ የሚባለው፣ ሰው እዚያው ሄዶ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሥራ እንዲፈልግ የሚፈቅደው ካርድ ደግሞ ከጁን 2024 ጀምሮ ይሰጣል። በመጀመሪያ የሚጠየቀው ቢያንስ ሁለት ዓመት የፈጀ የሙያ ሥልጠና ወይም የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው፤ ይኸውም በተማራችሁበት አገር መንግሥት የታወቀ መሆን አለበት። ሙያው በጀርመን ሙሉ እውቅና ያላገኘ ሰው ከዚያ በኋላ በቋንቋ፣ በዕድሜ፣ በሥራ ልምድና በመሳሰሉት ቢያንስ ስድስት ነጥብ ይሰበስባል። ልብ በሉልኝ፣ የሥራ ልምድ ነጥብ የሚያስገኘው ከምስክር ወረቀቱ ላይ ሲደረብ ነው እንጂ ብቻውን በር አይከፍትም። ያለ ምስክር ወረቀት፣ በልምዱና በሥራ ውሉ ብቻ እንዲገባ መንገድ የተበጀለት የኮምፒዩተር ባለሙያው ነው። ለምን ለእርሱ እንደ ተፈቀደና ለመካኒክ እንደ ተከለከለ ባስበው ባስበው አልገባኝም፤ ኮድ መጻፍ በልምድ የሚገኝ ከሆነ፣ የሞተርን ሕመም መለየት በምን ይገኛል?

እንግዲህ እኔ ከተግባረ ዕድ የተሰጠኝ የደረጃ አራት ወረቀት አለኝ፣ የብቃት ማረጋገጫውን ፈተና፣ ሲ ኦ ሲንም፣ ተፈትኜ አልፌያለሁ፤ ስለዚህ በሕጉ ዓይን የሠለጠንኩ ሰው ነኝ። ጋሼ በልጅነታቸው በአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ ዕቃ በጋዝ በማጠብ ጀምረው፣ በፊያት ሰይቼንቶና በቮልስ እጃቸውን ፈትተው፣ በደርግ ጊዜ ላዳን እንደ ገዛ ቤታቸው ያወቁ፣ ነገር ግን አንድም የምስክር ወረቀት የሌላቸው ሰው ስለሆኑ በሕጉ ዓይን ያልሠለጠኑ ናቸው። የተግባረ ዕድ መምህሮቼን ማሳነሴ አይደለም፤ ሰርኪዩት ማንበብ ያስተማሩኝ እነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ በደብዳቤው ላይ የተዘረዘረውን ሥራ ከላይ እስከ ታች በጣቴ ብከተለው፣ አብዛኛውን የተማርኩት ማኅተሙን ከመቱት ሰው ነው። የተማርኩበትን ጊዜ ጀርመን ልምድ ብላ ነጥብ ትሰጠኛለች፤ ያስተማረኝን ሰው ግን አታውቀውም። በዚያ ላይ ከ45 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በሥራ ቪዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ከፍ ያለ ደመወዝ ወይም የጡረታ ዋስትና ማሳየት ይጠበቅበታል። ጋሼ ይህንን ሁሉ ያውቃሉ ብዬ አይደለም። ምናልባት አያውቁም። ምናልባት ቀልድ ብቻ ነበር።

ጀርመን ስላለው ጓደኛችን ደግሞ፣ ክፍሉን በቪዲዮ ስላስጎበኘን ልጅ፣ ልንገራችሁ። በቀደም ስንደዋወል፣ «እዚህ ሞተር የሚያወርድ ሰው እምብዛም አላየሁም፤ ኮምፒዩተሩ ይናገራል፣ ዕቃው በቁጥሩ ይታዘዛል፣ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባል» አለኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እዚያ ውዱ የሰው ሰዓት ነው፣ እዚህ ውዱ ዕቃው ነው። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ የሚፈለገውን ዳይናሞ ያጣ ሰው፣ ወይም አግኝቶ ዋጋውን ሰምቶ የተመለሰ ሰው፣ ያለውን ፈትቶ፣ ጠቅልሎ፣ በይዶ ያስነሣዋል፤ የእኛ ሙያ ዋናው ክፍል ይኸው ነው። ስለዚህ የምኮራበት ችሎታዬ እዚያ ስደርስ ማንም የማይጠይቀኝ ሊሆን ይችላል። ጓደኛችን ይህንን ሲነግረኝ እንደ ቅሬታ አልነበረም፤ እጁ ንጹሕ ሆኖ ወደ ቤቱ እንደሚገባ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቁልፉን አስቀምጦ እንደሚወጣ፣ የዓመት ፈቃድ እንዳለው እየተደሰተ ነው የነገረኝ። እኔም ሰምቼ ቀናሁበት። አዎ፣ ቀናሁበት፤ ስለ ጥገና ክብር ያወራሁት ሁሉ በጀርባዬ ሕመም ጊዜ አይታወሰኝም።

እዚህ ብቆይስ ይህ ሙያ ይቆየኛል ወይ የሚለውም አለ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲህ በየመንገዱ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ቢዋይዲና የቮልስዋገኑ አይዲ ፎር፣ በዝቷል። ጋሼ ሞተር የሚያዳምጡበትን ያንን ረጅም ካቻቢቴ ታውቁታላችሁ፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የትኛው ፒስተን እንደሚያንኳኳ ይነግሯችኋል። በቅርቡ አንድ አይዲ ፎር ገብቶ፣ ኮፈኑን ከፍተን ብርቱካንማ ገመዶቹን ስናይ፣ እርሳቸው ካቻቢቴውን ይዘው ጥቂት ቆሙና መልሰው ሰቀሉት። ባለንብረቱንም በትሕትና ሸኙት። ብርቱካንማ ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ ያለ ሥልጠናና ያለ መከላከያ ጓንት የሚነካ አይደለም፤ ስለዚህ ትክክል ነበሩ። የሚገርመው መኪናው ራሱ የጀርመን ስም ይዞ ከቻይና የመጣ መሆኑ ነው። ጋሼ የጀርመንን ሞተር ያስተማሩኝ በቮልስ ነበር፤ ከኋላ የተቀመጠ፣ ራዲያተር የሌለው፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር። አሁን ደግሞ በዚያው አርማ የመጣውን መኪና ለመክፈት እኔ ጀርመን ድረስ ሄጄ መማር ሊኖርብኝ ነው። ተምሬ ብመለስስ? ይህንን ለእናቴ ስነግራት «የሄደ ሁሉ እመለሳለሁ ብሎ ነው የሚሄደው» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ርእሱን ለወጥን።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልለፈው፤ ካወራሁበት እናደዳለሁና። የሥራ ውል ሳይኖረው በቻንሰንካርተ የሚሄድ ሰው በ2025 በወጣው ስሌት በወር 1,091 ዩሮ፣ በዓመት 13,092 ዩሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዝግ ሒሳብ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ፣ አስቀምጦ ማሳየት ነበረበት። ይህ ዛሬ ከሁለት ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የቆጠብኩት ብር በባንክ ደብተሬ ላይ አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል መንገዱ ረዘመብኝ። ስለዚህ ለእኔ የቀረው በር ከዚህ ሆኖ ቀጣሪ ማግኘት ነው፤ ለዚያም ጀርመንኛው ካልገፋ አይሆንም፣ ስድስት ኪሎ ጎተ ኢንስቲትዩት ስለምማረው ትምህርትም ባለፈው ጊዜ በበቂ ሁኔታ አልቅሼባችኋለሁ።

ቀጣሪ ቢገኝም ደግሞ የራሴን ጋራዥ የመክፈት ሕልሜን ይዤ ነው የምሄደው ብል ራሴን ማታለል ነው። በጀርመን የመኪና ጥገና፣ ማይስተር የሚባለው የዋና ባለሙያነት ማዕረግ ከሚጠየቅባቸው የእጅ ሙያዎች አንዱ ነው፤ ተቀጥሮ ለመሥራት አያስፈልግም፣ የራስን ጋራዥ ለመክፈት ግን የማይስተር ፈተና ያለፈ ወይም አቻው ያለው ሰው ሊኖር ይገባል። ጋሼ እዚያ ቢሆኑ ኖሮ የራሳቸውን በር መክፈት አይችሉም ነበር ማለት ነው። ወይም ደግሞ በሃያ አምስት ዓመታቸው ማይስተር ሆነው፣ ዛሬ የጡረታ አበል እየተቀበሉ፣ ማንም ስለ እርሳቸው እንዲጽፍላቸው ሳይጠይቁ ይኖሩ ነበር። የትኛው እንደሚበልጥ እኔ አላውቅም፤ ብትጠይቁኝ ቀን ቀን የመጀመሪያውን፣ ማታ ማታ ሁለተኛውን እላለሁ።

ደግሞም ይህን ሁሉ ስናገር ጋሼን መልአክ አድርጌ እየሣልኳቸው እንዳይሆን። «ልጄ» ይሉኛል፤ ልጄ የተባለ ሰው ደግሞ የደመወዝ ጭማሪ መጠየቅ ይከብደዋል። ጡረታዬ ሳይከፈል ያለፉ ዓመታት አሉ። ለትርፍ ሰዓት የተሰጠኝ ምርቃት ተሰብስቦ ቢመነዘር ኖሮ ያ ዝግ ሒሳብ ይሞላ ነበር። ስለዚህ «የእኔን ማን ይጽፍልኛል?» ሲሉኝ፣ ያንን ወረቀት ይዤ ቶርኖ ቤት ስሄድ፣ ከሐዘኑ ጋር ትንሽ ንዴትም ነበረብኝ፤ የእርስዎንማ እርስዎ ራስዎ ነበሩ መጻፍ የነበረብዎት፣ ፈቃዱን በስምዎ ሲያወጡ፣ እኔን በደንቡ ሲቀጥሩ፣ እያልኩ በልቤ ስከራከራቸው ነበር። ፊት ለፊት ግን አልልም። ደግሞም ለማን ብዬ ነው የምላቸው፣ እርሳቸውስ ከማን ተምረው ነው… እንተወው።

ደብዳቤው ገና አልተተረጎመም። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ያለባቸው ወረቀቶችም አሉ፣ እነርሱንም አላስጀመርኩም። ለማንም «እሄዳለሁ» አላልኩም፤ «እያሰብኩ ነው» ነው የምለው። ነገር ግን ትንሹ፣ ረዳታችንን ማለቴ ነው፣ ወሬው እንዴት እንደ ደረሰው አላውቅም፣ ትናንት ከሥራ ስንወጣ ተከትሎኝ መጣና «ስትሄድ የቁልፍ ሣጥንህን ትሸጥልኛለህ?» አለኝ። ገና አልወሰንኩም፣ ማን ነገረህ፣ ልለው ይገባ ነበር። እኔ ግን ቆሜ ዋጋ ጠራሁለት። በዝቷል አለኝ። ከነሶኬቶቹ ነው አልኩት። ከነሶኬቶቹም ቢሆን በዝቷል አለኝ፤ ታክሲ እስክንይዝ ድረስም ተከራከርን፣ እስካሁን አልተስማማንም፤ ለምን በዚያ ዋጋ እንደ ጠራሁለት፣ ለምንስ እንደ ጠራሁለት…