የአወቱ ውሃ ህዳሴ ግድብ ይገባል እንዴ?

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ዛሬ አወቱን እናያለን። አዎ፣ አወቱን! ጅማን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ የሚያልፈውን ወንዝ። በበጋ አይታችሁት "ይሄማ ጅረት ነው" ብትሉ አልጣላችሁም። ክረምት ላይ ግን ተጠንቀቁ።

ከታሪክ ልጀምር። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ በፈረንጆች ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት፣ ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ነው፤ ከፍታው ላይ። ገበያው ግን ታች፣ ሂርማታ። ሐሙስ ሐሙስ ሲራራ ነጋዴ ከየአገሩ ይጎርፋል። ቡና አለ፣ ማር አለ። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። የዛሬዋ ጅማ ያደገችው በዚያ ገበያ ዙሪያ ነው።

አሁን ወደ ውሃው... ቆይ፣ ቆይ። ኮሜንት ላይ "የአወቱ ውሃ ህዳሴ ግድብ ይገባል" የምትሉ አላችሁ። ብዙ ናችሁ ደግሞ! አይገባም። ጠብታም አይገባም።

እስቲ አንድ ቆርቆሮ ቤት አስቡ። ጣሪያው በሁለት በኩል ያዘቀዘቀ። ዝናብ መጣ። ሁለት ጠብታዎች አናቱ ላይ ጎን ለጎን ወደቁ። በመካከላቸው ስንዝር የለም! አንዷ በደጅ በኩል ወርዳ እናንተ በርሜል ገባች። ሌላዋ በጓሮ ወርዳ የጎረቤት ጎመን ላይ አረፈች። በጣሪያ ጠፈጠፍ የተነሳ ስንት ጎረቤት ሽማግሌ ፊት እንደቀረበ እናንተም ታውቃላችሁ። እሺ፣ የጣሪያው አናት የት ነው? በጅማና በአጋሮ መካከል ያለው ከፍታ ነው። በአጋሮ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ ዴዴሳ ይሄዳል፣ ዴዴሳ ወደ አባይ። ከዚያ ህዳሴ፣ ሱዳን፣ ግብፅ። በጅማ በኩል የወረደው ግን ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ። አጋሮ እኮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው! አጋሮዎች "ህዳሴ ላይ ውሃ አለን" ብለው ቢጎርሩ መብታቸው ነው። እኛ አርፈን እንቀመጥ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበለው፤ የጊቤ ግድቦችን ታውቋቸዋላችሁ። አወቱ የቂቶን ወንዝ ይዞ፣ በቦዬ ረግረግ አድርጎ ግልገል ጊቤ ይገባል። እዚያ ጊቤ አንድ፣ 184 ሜጋ ዋት። ያው ውሃ ተራራ ሥር 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ሄዶ ጊቤ ሁለትን ያዞራል፣ 420 ሜጋ ዋት። ቀጥሎ ኦሞ ላይ ጊቤ ሦስት፣ 1,870 ሜጋ ዋት። ከዚያ ቱርካና ሐይቅ። በቃ! ቱርካና መውጫ የለውም፤ ውሃው የሚሄደው በትነት ነው።

ስለዚህ አወቱ ውስጥ ፌስታል የምትጥሉ ሰዎች፣ ጠርጎ ባሕር ይወስድልናል ብላችሁ አትጽናኑ። መጀመሪያ የሚደርሰው ቦዬ ነው፣ ጉማሬዎቹ ዘንድ። ስለ ጉማሬዎቹ የጠየቃችሁኝ፣ ቀጣዩ ቪዲዮ የእነሱ ነው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ አጋሮዎችም ጭምር!