መተግበሪያው ሳይገዛ በፊት

(ምስል፦ ቡሬ፤ የዱቄት ፋብሪካ ግቢ፤ አይሱዙ ሲጫን)

ቡሬ ላይ አንድ የዱቄት ፋብሪካ አለ እንበል። የፍኖተ ሰላም፣ የዳንግላና የደብረ ማርቆስ ባለሱቆች ደውለው ያዝዛሉ፤ ትዕዛዙ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ድርጅቱ እዚህ ላይ ሶፍትዌር ቢገዛም ብዙ ሳይቆይ ወደ ደብተሩ ሊመለስ ይችላል። ሶፍትዌሩን የሚያርመውና የሚያሻሽለው ሰው ግቢው ውስጥ የለማ!

ኮኸንና ሌቪንታል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ ድርጅት አዲስ ዕውቀትን ለይቶ መጠቀም የሚችለው ቀድሞ ባካበተው ዕውቀት ልክ ነው። ስለዚህ ከሦስት ሰው እንጀምር፦ ትዕዛዝ ተቀባይ፣ የመጋዘን ኃላፊና ኮድ የሚጽፍ ቋሚ ሠራተኛ።

(ምስል፦ በአምድ የተከፈለ ደብተር)

ሦስቱ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ይመዝግቡ፦ የተደወለበት ሰዓት፣ የኩንታሉ ብዛት፣ የተጫነበት ቀን፣ ገንዘቡ የገባበት ቀን። የሚዘገየው ክፍያው ከሆነ ቴሌብር ብቻውን ሊበቃ ይችላል። የሚዘገየው ጭነቱ ከሆነ ደግሞ የጎደለውን መኪና ሶፍትዌር አይተካውም።

የሚዘገየው ትዕዛዝ መቀበሉ ከሆነ፣ በ10 ባለሱቆች ለ6 ሳምንት ቀላል የቴሌግራም ቦት (ትዕዛዝ በራሱ የሚቀበል ፕሮግራም) ይሞከር። ስማርት ስልክ ለሌለው በኤስኤምኤስ ይሁን፤ ደብተሩም ጎን ለጎን ይቀጥል።

(ምስል፦ ተደግሞ የገባ ትዕዛዝ)

ኮድ የሚጽፍ ሰው ግቢው ውስጥ የመኖሩ ጥቅም የሚታየው እዚህ ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ባለሱቁ «እዘዝ» የሚለውን ደግሞ ይጫናል፤ 5 ኩንታሉ 10 ይሆናል። ትዕዛዙ ገና ሲከፈት መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ ያው ቁጥር ተመልሶ ቢመጣ እንደ አዲስ አይቆጠር።

«ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሐይሉ» ለኮምፒውተር ሦስት ደንበኞች ናቸው፤ ደንበኛ በስልክ ቁጥሩ ይለይ። ባለሱቁ ጠዋት 2 ሰዓት የሚለው በውጭ አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ ሰዓቱ በአንድ አቆጣጠር ይቀመጥ፤ ለሰው ሲታይ ብቻ ይቀየር። 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ሪፖርት የጳጉሜን ሽያጭ ይጥላል ወይም ከሌላ ወር ይደባልቃል። ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር እነዚህን አስቦ ላይመጣ ይችላል።

ውጤቱ የሚመዘንበት መስፈርት ሙከራው ሳይጀመር ይጻፍ፤ ኋላ ከተጻፈ ሁሉም ነገር የተሳካ ይመስላል። ለምሳሌ፦ ማንም ሳያስታውሳቸው ቢያንስ 7 ባለሱቆች በቦቱ ካዘዙ ይስፋፋ። ካልሞላ ቡድኑ ሱቃቸው ድረስ ሄዶ ይጠይቅ።

(ምስል፦ የይለፍ ቃል መዝገብ)

የደንበኞች ስልክ ቁጥር የግል መረጃ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተዋል። ለሥራው የሚያስፈልገው ሠራተኛ ብቻ ይየው። ቦቱ በድርጅቱ ስልክ ቁጥር ይከፈት፤ የሰርቨሩ (ቦቱ የሚሠራበት ኮምፒውተር) አካውንትም በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈት። በሠራተኛው የግል ስልክ ከተከፈተ እሱ ሥራ በለቀቀ ቀን ቦቱም አብሮት ሊሄድ ይችላል።