ሕጉን እናንተ ተሸከሙት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከሰዓት በኋላ እዚህ ደሴ፣ በዚሁ አዳራሽ፣ ሚኒየቸር፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ የጦር ጨዋታ የምንጫወትባቸውን ትንንሽ የወታደር ቅርጾች፣ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ተማሪዎች ይመጣሉ። ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የሚመጡም አሉ። እናንተ በየጠረጴዛው ታስተናግዷቸዋላችሁ። ጨዋታውን ታውቁታላችሁ፤ እሱን ላስተምራችሁ አልመጣሁም። ስለ ማስተማሩ ግን የምለው አለኝ። ሕጉን እናንተ ተሸከሙት። የጀማሪው ሥራ መወሰን ብቻ ይሁን።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። ዋርሃመር 40,000ን እንውሰድ። ኖቲንግሃም፣ እንግሊዝ አገር የሚገኘው ጌምስ ወርክሾፕ በ1987 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያወጣው ጨዋታ ነው። 10ኛው እትሙ በ2023 ወጣ። ዋናው ሕግ በነፃ ይወርዳል፤ ግን ብዙ ገጽ ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ጦር የራሱ ሕግ አለው። እያንዳንዱ የወታደር ዓይነት ደግሞ የራሱ ካርድ አለው። ስንት ኢንች ይሄዳል? ቆዳው ምን ያህል ይጠነክራል? ጥሩሩ ስንቱን ይመልሳል? ስንት ጉዳት ይችላል? መሣሪያውስ ምን ያህል ይርቃል? ስንት ጊዜ ይተኩሳል? የአንድ ተጫዋች ተራ ብቻ አምስት ክፍል አለው፦ ትእዛዝ፣ እንቅስቃሴ፣ ተኩስ፣ ሮጦ መግጠም፣ በመጨረሻም የጨበጣ ውጊያ።

እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ይህን ሁሉ የሚዘረግፍ አስተናጋጅ አይቼ አውቃለሁ። የሚያደርገው ከፍቅር የተነሳ ነው። የሚወደው ጨዋታ ስለሆነ አንድም ነገር እንዲያመልጥበት አይፈልግም። ልጁ ግን "እሺ፣ እሺ" ይላል። እሺታው ሲበዛ አልገባውም ማለት ነው። የወሎ ልጅ ጨዋ ነው፤ "አልገባኝም" ብሎ አያሳፍራችሁም። እየሳቀ ይሰማችኋል፣ አመስግኖ ይወጣል፣ ተመልሶ ግን አይመጣም።

የዚህ ችግር መፍትሔ ከጨዋታው ታሪክ ጋር እኩል ያረጀ ነው። በ1824 ጌኦርግ ፎን ራይስቪትዝ የሚባል የፕሩሺያ መኮንን የጦር ጨዋታውን ለአገሩ ጦር አለቆች አቀረበ። ጨዋታው ካርታ፣ ትንንሽ የጦር ምልክቶች፣ ዳይስና የስሌት ሠንጠረዥ ነበረው። ዳኛም ነበረው። ተጫዋቹ ሕጉን እንዲያውቅ አይጠበቅበትም ነበር። "ፈረሰኛው በዚህ በኩል ዞሮ ድልድዩን ይያዝ" ብሎ ትእዛዙን ይጽፋል። ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ስንት ሰው ይወድቃል የሚለውን ዳኛው ያሰላል። ከዓመታት በኋላ፣ በ1876፣ ዩሊየስ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኖይ የሚባል ሌላ የጦር ሰው ይባስ ብሎ ሠንጠረዡንም ተዉት አለ። ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ ግምት ይፍረድ አለ። ሕጉ ስለበዛ ጨዋታው እየተንዛዛ ነበርና።

እናንተ ዛሬ ያ ዳኛ ናችሁ። ተቃራኒ ተጫዋችም ናችሁ፤ ዳኝነቱ ግን ይቀድማል።

እንግዲህ እንዲህ ጀምሩ። ሁለት ቡድን ስፔስ ማሪን፣ ጥሩር የለበሱትን የጨዋታውን ወታደሮች፣ ፊት ለፊት አቁሙ። ስለ ዓለሙ ታሪክ፣ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ስለ 41ኛው ሺህ ዘመን አንድም ቃል አታውሩ። "ይህ ያንተ ነው፤ ያኛው የኔ ነው። ተኩስ" በሉትና 12 ዳይስ በእጁ ስጡት።

ይወርውር። ከ3 ጀምሮ ያለው ሁሉ መታ። በአማካይ 8 ይቀራል። ስምንቱን አንስቶ እንደገና ይወርውር። አሁን ጥያቄው ምቱ ሰውየውን ያቆስለዋል ወይ ነው። የመሣሪያው ኃይልና የሰውየው ጥንካሬ እኩል ስለሆነ ከ4 ጀምሮ ያለው ያቆስላል። 4 ይቀራል። ከዚያ እናንተ አራቱን ውሰዱና ጥሩራችሁን ፈትኑ። ጥሩሩ ከ3 ጀምሮ ያድን ነበር፤ ጥይቱ በአንድ ስለሚበሳው አሁን የሚያድነው ከ4 ጀምሮ ነው። ግማሹ ይድናል፣ ግማሹ ያልፋል። ሁለት ጉዳት ገባ። አንድ ማሪን ሁለት ጉዳት ሲደርስበት ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ወደቀ።

አሥራ ሁለት ተኩሶ አንድ! ጀማሪው እዚህ ላይ ቀና ይላል። "ይሄን ያህል ወርውሬ አንድ ብቻ?" ይላችኋል። ይህን ጥያቄ በጉጉት ጠብቁት፤ ጨዋታው እዚህ ጋ ተጀምሯልና። "አዎ፣ አንድ ብቻ። እኔ ደግሞ ከዚህ ግንብ ጀርባ ብሆን ኖሮ ከ3 ጀምሬ እድን ነበር" በሉት። ስለ ከለላ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዓይኑ ወዲያው ግንብ ፍለጋ ይሄዳል።

ቀጥላችሁ እውነተኛ ውሳኔ ስጡት። ቡድኑ ከናንተ ቡድን 10 ኢንች ርቆ ይቁም። ሮጦ ለመግጠም ሁለት ዳይስ ይወረወራል፤ ድምሩ ከናንተ ቡድን 1 ኢንች ድረስ ሊያስጠጋው ይገባል፤ ስለዚህ 9 ያስፈልገዋል። ከ36 ዕድል 9 እና ከዚያ በላይ የሚወጣው በ10ሩ ብቻ ነው። ርቀቱ 8 ኢንች ቢሆን 7 ይበቃው ነበር፤ ዕድሉም 21 ይሆን ነበር። ይህን ንገሩትና ዝም በሉ። ይሩጥ ወይስ ይጠብቅ? እሱ ይወስን። አደራችሁን፣ "እኔ ብሆን እጠብቅ ነበር" አትበሉት። ለማስተማር የሚጓጓ ሰው ሁሉ የሚከብደው ይህች ዝምታ ናት።

ከናንተ ይልቅ ዝም ማለት የሚያቅተው ደግሞ ተመልካቹ ነው። ዳማ የሚጫወቱ ሰዎች አጠገብ ቆማችሁ ታውቃላችሁ። በቆርኪ የሚጫወቱት ሁለት ናቸው፤ የሚያስቡላቸው ግን አሥር። "ብላው! ኧረ በዚህ በኩል ብላው!" ይባላል። ለሁለት አዋቂዎች ይህ የጨዋታው ደስታ ነው፤ ይቀጥል። ጀማሪ ባለበት ጠረጴዛ ግን አይሆንም። ምክር የሚወረውር ሰው ሲመጣ በትሕትና "ጋሼ፣ ይህቺን አንድ ጨዋታ በራሱ ይሞክራት" በሉልኝ። ጋሼ ራሳቸው መጫወት ከፈለጉ ደግሞ ወንበር ስቡላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ዳማና ገበጣ የተጫወቱ ሰዎች ይህን ጨዋታ ከማንም ቀድመው ይይዙታል። አስቀድሞ ማሰብን ያውቁበታል።

ስለ አሸናፊነት ልናገር። ጀማሪ ሁሉ የገደለ ያሸንፋል ብሎ ያስባል። በዚህ ጨዋታ የሚያሸንፈው ቦታ የያዘ ነው። ጠረጴዛው ላይ ምልክት የተደረገባቸው ቦታዎች አሉ። ከምልክቱ በ3 ኢንች ውስጥ የሚቆሙት ወታደሮች በካርዳቸው ላይ ያለው ቦታ የመያዝ ቁጥር ይደመራል። የበለጠ ያለው ነጥብ ያገኛል። ይህን በመጨረሻው ዙር ላይ አትንገሩት። የናንተን ሰዎች ሁሉ ጨርሶ ደስ ሲለው "በነጥብ ተሸንፈሃል" ቢባል የተጭበረበረ ይመስለዋል። ቢመስለውም አይፈረድበትም። ከመጀመሪያው አንድ ምልክት ብቻ መሃል ላይ አድርጉና "ይህን የያዘ ያሸንፋል" በሉ። ሌላው ምልክት፣ የተልእኮ ካርዱ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆይ።

አሰላለፉንም ቀላል አድርጉት። በሕጉ መሠረት ተጫዋቾች ጦራቸውን በየተራ ያስቀምጣሉ። ለአዋቂ ጥሩ ነው፤ ለጀማሪ ግን ምን እየጠበቀ እንደሆነ የማያውቀው ወረፋ ነው። በዚህ ነገር ከአገራችን ሰንጠረዥ ብንዋስ ደስ ይለኛል። በድሮው የሐበሻ ሰንጠረዥ ሁለቱም ተጫዋቾች መጀመሪያ ላይ ተራ አይጠባበቁም ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እንደፈለጉ እያንቀሳቀሱ ያሰልፉ ነበር። ለዛሬ እንደዚያ አድርጉ። ሁለታችሁም በየበኩላችሁ አሰልፉ፣ ጀማሪው አሰላለፋችሁን እያየ የራሱን ያስተካክል።

መሬቱን በተመለከተ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ጦሳ ሥር ያደገ ሰው ከፍታ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር ያውቃል። ከቴሌቪዥን ካርቶን በሚወጣው ነጭ ፎም አምባ ሥሩ። አምባሰልን አስቡ፦ ጎኑ ገደል፣ አናቱ ሜዳ። ጀማሪው "ከዚህ ያየዋል ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ ሕግ አትጥቀሱ። ጎንበስ ብሎ ከወታደሩ ጀርባ ሆኖ በዓይኑ ይይ።

አሁን ጠንቀቅ ብዬ የምናገረው ነገር አለ። እኛ ጦርነትን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምናውቀው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቷል። ዛሬ ከሚመጡት ልጆች መካከል ከቤቱ የተፈናቀለ ይኖራል። ሰው ያጣም ይኖራል። እነዚህ ቅርጾች ጠመንጃ ይዘዋል። ለአንዱ ልጅ ጨዋታ የሆነው ለሌላው ሊከብደው ይችላል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የምናቀርበው በሩቅ ኮከብ ላይ የሚሆን ልብ ወለድ ብቻ ነው። የቅርቡን ጦርነት የሚያስታውስ ስም፣ ባንዲራ፣ ቦታ አንጠቀምም። በቀልድም ቢሆን አይሆንም። አንድ ልጅ "ይቅርብኝ" ካለ ለምን ብላችሁ አትጠይቁት። ጥግ ላይ የቀለም ጠረጴዛ አለ፤ ብሩሽ ይዞ አንድ ቅርጽ ይቀባ። ቀለም መቀባት ብቻ ወደው ዳይስ የማይነኩ ሰዎች በዓለም ሁሉ አሉ። እነሱም የዚህ ቤት ሰዎች ናቸው።

"የራሳችንን ታሪክ ለምን አንጫወትም?" የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሳል። መቅደላ እዚሁ ወሎ ነው። ሰገሌም የንጉሥ ሚካኤል ጦር የዘመተበት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ አንድ ቀን በሚገባ እንሠራዋለን። ለመጀመሪያ ጨዋታ ግን አልመርጠውም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሥር እሮጌ ላይ የሆነውን አስቡ። የአፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ቁልቁል ወርደው የገጠሙት ከኋላው የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ የያዘ የእንግሊዝ ጦር ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ወደቁ። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ይህን በትክክል ጠረጴዛ ላይ ብናስቀምጥ አንዱ ተጫዋች ከመጀመሩ በፊት ተሸንፏል። ሚዛኑን ለማስተካከል ብንነካካው ደግሞ ታሪኩን እናጎድላለን። እንዲህ ያለው ጨዋታ የሚመቸው ሕጉንም ታሪኩንም ለሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነው።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ። እውነተኛዎቹ ሳጥኖች ውድ ናቸው፣ ከውጭ ነው የሚመጡት። ማንም ልጅ ዛሬ ከዚህ ሲወጣ "ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው" ብሎ መውጣት የለበትም። ወረቀት ላይ የተሳለ ወታደር ቆርኪ ላይ ተጣብቆ ይቆማል። ቆርኪ ስፋቱ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለእግረኛ ወታደር መቆሚያ ይበቃል። መለኪያውም ችግር የለውም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ብዙውን ጊዜ በአንድ ጎኑ ኢንች አለው። ሙሉ ሜዳም አያስፈልግም። ለትንሹ ጨዋታ 44 በ30 ኢንች ይበቃል፤ 112 በ76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የቤት የምግብ ጠረጴዛ ይችለዋል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሌላ ነገር አለ፦ "ለጀማሪው ልሸነፍለት?" አትሸነፉለት። ልጅ ይህን ያውቃል፣ ያዝናልም። ግን አትጨፍልቁት። ያንቀሳቀሰውን "መልሼ ላድርገው" ካለ ፍቀዱለት። የምታስቡትን ጮክ ብላችሁ አስቡ፦ "ይህን ወደ ግራ የምወስደው ያንተን ትልቁን መሣሪያ ስለምፈራ ነው" በሉ። እናንተ የፈራችሁትን ሲሰማ ያለውን ኃይል ያውቃል። በዚህ መንገድ ካሸነፋችሁትም እንዴት እንደተሸነፈ ገብቶት ይሄዳል፤ እንደገና ልሞክር የሚለውም ያኔ ነው።

ሙሉው ጨዋታ አምስት ዙር ነው፣ ትልቅ ጦር ከሆነ ሦስት ሰዓትም ይፈጃል። ለዛሬ ሁለት ዙር ይበቃል። ገና ሲጥመው አቁሙ። ቀጣዩ ቀጠሮ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዓርብ ጁምዓ ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሰኞ ገበያ ነው፤ ቅዳሜ ለሁሉም ይመቻል።

አሁን ወደ ሥራ። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ 12 ዳይስና አንድ ሜትር ይኑር። የሕግ መጽሐፉን ከጠረጴዛው አንሱት፤ ስትጠየቁ ካልሆነ አትክፈቱት። በአማርኛ የተዘጋጀችው ካርድ ላይ አራት ቁጥር ብቻ ነው ያለው፦ ስንት ይሄዳል፣ ከስንት ጀምሮ ይመታል፣ ከስንት ጀምሮ ያቆስላል፣ ከስንት ጀምሮ ይድናል። እሷን በልጁ ፊት አድርጉ። ቡናው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቀለም የተቀባ ቅርጽ አጠገብ ሲኒ አይቀመጥ። በመስኮቱ በኩል ያሉት ሁለት ጠረጴዛዎች ለታናናሾቹ ናቸው፤ እዚያ ታጋሽ የሆናችሁት ሁኑልኝ።

በሩን ከመክፈታችን በፊት ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። አመሰግናለሁ።