ሳሙና ፈልጌ ሾርባ ጠየቅኩ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ከመኪና ውስጥ ነው የምቀዳው፣ ሺፍት ጨርሼ ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። የሄተሩ ድምፅ ከገባ ይቅርታ፣ አላጠፋውም፣ ብርዱ አይቻልም።

ዛሬ ስለ ስፓኒሽ ነው የማወራው፣ በተለይ ስለ ቃላቱ። እኔ የምሰራው እዚህ ዲሲ አካባቢ አንድ ሬስቶራንት ኪችን ውስጥ ነው፣ እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ፓርኪንጉም በሉት ኪችኑም ሀበሻና ሳልቫዶራዊ ጎን ለጎን ነው የሚሰራው። እኛ ጋ ስድስት ነን፣ አምስቱ ስፓኒሽ ያወራሉ፣ ባዳው እኔ ነኝ።

እና የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እጄ በቅባት ተለውሶ ሳሙና አጣሁ። ሾርባ የሚሰሩት እናት አሉ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ እሳቸው ጋ ሄድኩና ባለችኝ ድፍረት "ሶፓ፣ ፖር ፋቮር" አልኳቸው። በእንግሊዝኛ ሶፕ አይደል እንዴ፣ እኔ መጨረሻው ላይ "አ" ጨምሬ ስፓኒሽ አደረግኩት በቃ። እሳቸው ደግሞ ልጁ ርቦታል ብለው ነው መሰለኝ በጎድጓዳ ሳህን ሾርባ ሞልተው ሰጡኝ። ምን ላድርግ፣ በቅባት እጄ ተቀብዬ ቆሜ ጠጣሁት፣ ይጣፍጥ ነበር ደግሞ። ለካ ሶፓ ሾርባ ነው፣ ሳሙና ኻቦን ነው የሚባለው።

አሁን ኻቦን የሚለውን ቀስ ብላችሁ በሉት። ኻቦን። አረብኛው ሳቡን፣ ጣሊያንኛው ሳፖኔ፣ የኛው ሳሙና። ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው፣ የእንግሊዝኛው ሶፕ ራሱ ከዘሩ ነው፣ ግን እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው፣ ከአማርኛው ብነሳ ይቀርበኝ ነበር። ይሄ ነገር ከዛ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ምክንያቱም እኔ ስፓኒሽ የምማረው በእንግሊዝኛ ነው። ስልኬ ላይ ያለው አፕ ጥያቄውንም ትርጉሙንም በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠኝ፣ ለሱ እኔ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነኝ፣ እንደ ማንኛውም የኦሃዮ ልጅ። በተውሶ ድስት ወጥ እንደመስራት ነው ነገሩ።

ድስቱ ግን ይሰራል፣ አልዋሽም። መጀመሪያ ላይ እንደውም በጣም ነው የሚያስደስተው፣ ኢንፎርሜሽን ስትል ኢንፎርማስዮን፣ ዩኒቨርሲቲ ስትል ኡኒቬርሲዳድ፣ ፌመስ ስትል ፋሞሶ፣ ፖሲብል ስትል ፖሲብሌ፣ አንዷን የመጨረሻ ድምፅ መቀየር ካወቅክ በአንድ ማታ ብዙ መቶ ቃል ታገኛለህ። ስፓኒሽ የላቲን ልጅ ነው፣ እንግሊዝኛ ደግሞ በፈረንጆቹ 1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በፈረንሳይኛም በላቲንም በኩል የፍርድ ቤቱን፣ የቤተ ክህነቱን፣ የትምህርቱን ቃል ሲያግበሰብስ ኖሯል።

እና እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። እኛ አገር ቤት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉን ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው፣ ጎበዝ የሚባለው ተማሪ ደግሞ ከዲክሽነሪ ከባድ ከባድ ቃል እየመዘዘ የሚሸመድደው ነበር አይደል? "ስታርት" አትልም፣ "ኮሜንስ" ትላለህ። "ቢዩልዲንግ" የሰነፍ ነው፣ "ኤዲፊስ" በል። አሜሪካ ስመጣ በዛ እንግሊዝኛ ስንት ጊዜ ተሳቀብኝ መሰላችሁ። ስፓኒሽ ውስጥ ግን እነዛው ቃላት የተራ ሰው ቃላት ናቸው! መጀመር ኮሜንሳር ነው፣ መጨረስ ቴርሚናር፣ ህንፃ ሁሉ ኤዲፊሲዮ፣ የታመመ ሰው ኤንፌርሞ። ሳህን የሚያጥበው ልጅ ሺፍቱ ሲያልቅ "ቴርሚኔ" ብሎ ይወጣል። ያ ሁሉ ሽምደዳ ዋጋ ያገኘው ከስንት አመት በኋላ ሳህን ማጠቢያው ጋ ነው።

ችግሩ የኪችን ስራ በኤዲፊሲዮ አይሰራም። ቢላዋ፣ መጥረጊያ፣ ቆሻሻ፣ ባልዲ፣ እነዚህ ናቸው ቀኑን ሙሉ የሚጠሩት። እንግሊዝኛ እዚህ ጋ ጥሎህ ይሄዳል፣ የቤቱ ቃል ከላይ ከመጣው ከላቲኑ ሳይሆን አብዛኛው ከራሱ ከጀርመን ዘሩ የቀረ ነው። ናይፍ ብሎ ኩቺዮን ማን ይገምታል? ብሩም ብሎ ኤስኮባን? አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ይሸውድሃል፣ እኔ ትልቁን ድስት ፈልጌ "ላርጋ" ስል ነበር፣ ላርጎ ለካ ረጅም ማለት ነው፣ ልጆቹ ረጅም ድስት ምን አይነት ነው እያሉ ይተያያሉ። ትልቅ ግራንዴ ነው። እና ስለ ኡኒቬርሲዳድ ላወራህ እችላለሁ፣ ቢላዋ አቀብለኝ ማለት ግን አልችልም ነበር።

ታዲያ ማን ደረሰልኝ? ሶማሌ ተራ። አልቀለድኩም! አጎቴ መርካቶ ሶማሌ ተራ ስፔር ፓርት ይሸጥ ነበር፣ ክረምት ክረምት እዛ ነበር የምውለው፣ እና የመካኒኩ አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፣ ጣሊያንኛ ደግሞ እንደ ስፓኒሽ የላቲን ልጅ ነው። ፍሬን፣ ስፓኒሹ ፍሬኖ። ፍሬቻ፣ ስፓኒሹ ፍሌቻ፣ ቀስት ማለት ነው፣ ጣሊያኖቹም ቀስት ነው የሚሉት። ጎማ ያው ጎማ ነው፣ ላስቲክ ለማለት። ፋብሪካ ያው ፋብሪካ። ከዛ ወደ ቤት ስትገባ ኩሽና ኮሲና፣ ቦርሳ ቦልሳ፣ ካልሲ ካልሴቲን፣ ባኞ ያው ባኞ፣ እዛ ግን መታጠቢያ ክፍሉን ሁሉ ነው የሚሉት።

በጣም የወደድኳት ደግሞ ኦርኖ ናት። ኦርኖ ማለት ኦቨን ነው፣ ሲጻፍ ፊቷ ላይ ኤች አለች ግን አትነበብም፣ እንደኛው ሠ እና ሰ በሏት፣ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይደለችም። ያቺ ኤች ድሮ ኤፍ ነበረች፣ ስፓኒሽ ብዙ የላቲን ቃል ላይ መጀመሪያ ያለችውን ኤፍ ጥሏታል። ኤፏን መልሱላትማ። ፎርኖ! እናቴ ከሱቅ አምጣ የምትለኝ ፉርኖ ዱቄት! እዛው ኪችን ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ሰዎቹ ምን ነካው ብለው ነው ያዩኝ።

ቤተክርስቲያን ደግሞ አንድ ጋሼ አሉ፣ በደርግ ጊዜ ልጅ ሆነው ኩባ ተልከው እዛ የተማሩ፣ ስፓኒሻቸው ውሃ ነው። እሳቸው መኪናን ማኪና ነው የሚሉት፣ ኩባዎቹ እንደዛ ይላሉ፣ የኛው መኪና ማለት ነው እኮ። እኔ ይሄን ይዤ ሰኞ ስራ ገባሁና "ሚ ማኪና" ስል ልጆቹ የቡና ማሽን ይዞ መጣ እንዴ ብለው ሳቁ፣ እነሱ ጋ መኪና ካሮ ነው፣ ማኪና ማሽን ነው። ስፔን ሄዳችሁ ደግሞ ኮቼ ነው። ለጋሼ ስነግራቸው "እነሱ አያውቁም" አሉኝ፣ በቃ።

የመርሳቱ ነገር ሌላ ነው። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ድምፆች እየሸመደደ ምን ያህል እንደሚረሳ ራሱ ላይ ለክቶ በ1885 አሳትሟል፣ እነዚህ ካርድ እያገላበጡ የሚጠይቁ አፖችም ከዛ ሀሳብ ነው የሚነሱት፣ ልትረሳው ስትል መልሶ ይጠይቅሃል። እጠቀምበታለሁ፣ ባቡር ውስጥ ጥሩ ነው። ግን ሶፓን እስካሁን አፑ ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ረስቼው አላውቅም።

እና ዛሬ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ለዚህ ነው ቤት እስክገባ እንኳን ያላስቻለኝ። ከሆንዱራስ የመጣ አዲስ ልጅ አለ፣ ወለሉ ላይ ዘይት ተደፋና "ኤል ባልዴ! ኤል ባልዴ!" እያለ ይጮኻል። እኔ ሳላስበው ሄጄ ባልዲውን አምጥቼ ሰጠሁት። ከሰጠሁት በኋላ ነው ቆይ፣ ይሄን ቃል መቼ ተማርኩት ያልኩት። አልተማርኩትም። ባልዲ ነው! እረፍት ላይ ሳነብ ፖርቹጋሎቹም ባልዴ ነው የሚሉት፣ ህንድ ወስደውት እዛ ባልቲ ሆኗል። እንግሊዝኛው? በኬት።

መወልወያው ግን ትራፔአዶር ነው የሚባለው። ትራ-ፔ-አ-ዶር። በአማርኛም በጣሊያንኛም በእንግሊዝኛም ዞርኩ፣ የሚይዝልኝ ቃል አጣሁ፣ ዛሬ ብቻ ሶስቴ "ያ ነገር፣ ያ ረጅሙ" እያልኩ በጣት ነው ያሳየሁት። ነገ እጄ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌ ነው የምገባው።

በሉ ነዳጅ እየጨረስኩ ነው፣ ቻው።