ፖስታ የማያመጣው ወረቀት፦ ከታክስ ቀጠሮ በፊት

ሄለን፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምናወራው እዚህ አሜሪካ ያለን ሰዎች ታክስ ልናሠራ ስንሄድ ይዘነው ስለምንሄደው ወረቀት ነው። ያሬድ፣ ያንተ ቀጠሮ ደርሷል አይደል?

ያሬድ፦ ቅዳሜ ነው። ወረቀቱን አንድ ላይ ሰብስቤ አስቀምጫለሁ፤ ተሟልቷል ወይ ብትዪኝ ግን ልቤ አላረፈም።

ሄለን፦ እስቲ ምን ምን ይዘሃል?

ያሬድ፦ የባለቤቴ ደብሊው-2፣ አሠሪዋ የዓመት ደሞዟን የሚጽፍበት ወረቀት፣ መጥቷል። እኔ በመኪናዬ ተሳፋሪ ስለማመላልስ፣ የክፍያው ወረቀት 1099-ኬ በአፑ ከሚያሠራኝ የራይድሼር ድርጅት መጥቷል። ከዚያ የሁላችን የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ መንጃ ፈቃዶቻችን፣ ሪፈንድ ካለ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ያምናው ታክስ ኮፒ።

ሄለን፦ ጥሩ ነው። እኔ ታክስ በነጻ በሚሠራበት የቪታ ፕሮግራም ሦስት ሲዝን በበጎ ፈቃድ አገልግያለሁ። ደብሊው-2 ረስቶ የሚመጣ ሰው ብዙ አላየሁም። አሠሪው እስከ ጃንዋሪ 31 የመላክ ግዴታ ስላለበት ወረቀቱ ራሱ ፈልጎህ ይመጣል። ሰውን ሲጎዳ ያየሁት ማንም የማይልክለት ወረቀት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ራሱ ካልያዘው የሌለ ወረቀት።

ያሬድ፦ ማይሌጅ ልትዪ ነው።

ሄለን፦ ከሱ በፊት በ1099-ኬው እንጀምር። እዚያ ላይ ያለው ቁጥር ባንክህ ከገባው ጋር ይገጥማል?

ያሬድ፦ አይገጥምም! ይሄን በደንብ ማውራት አለብን፤ እኔ ተጎድቼበታለሁ። መንዳት የጀመርኩ ዓመት ያን ወረቀት ብቻ ይዤ ሄድኩ። የሠራልኝ ሰውም ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፤ ቁጥሩን እንዳለ አስገባው። ያ ቁጥር ግን ተሳፋሪዎቹ የከፈሉት ጠቅላላ ገንዘብ ነው፤ ድርጅቱ የቆረጠው ኮሚሽን ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። እጄ ላይ ላልደረሰ ገንዘብ ታክስ ተጠየቅኩ፤ በየወሩ ከፋፍዬ ስከፍል ከረምኩ።

ሄለን፦ እንዴት አወቅከው ታዲያ?

ያሬድ፦ አብሮኝ የሚነዳ ልጅ ነው ያስተማረኝ። አፑ ውስጥ ዓመታዊ የታክስ ማጠቃለያ አለ፤ ኮሚሽኑን፣ ሌሎቹን ክፍያዎች ለይቶ ያሳያል። እሱን አውርጄ፣ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሄጄ፣ የገባ ታክስ በሚታረምበት ቅጽ በ1040-ኤክስ አስተካከልነው። ሪተርኑ፣ ማለትም የታክስ ቅጹ፣ ከገባበት ቀን ጀምሮ በአጠቃላይ 3 ዓመት ጊዜ አለ። እንደኔ የሆነ ሰው ካለ፣ አሁንም አልረፈደበትም ይሆናልና ያምናና የካቻምናውን አውጥቶ ይየው።

ሄለን፦ ይሄ ብዙ ሰው ቤት ያለ ነገር ነው። አሁን ወደ ማይሉ እንምጣ። ለ2025 የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይ አር ኤስ ለሥራ ለተነዳ 1 ማይል 70 ሳንቲም እንድትቀንስ ይፈቅዳል። 20,000 ማይል የነዳ ሰው 14,000 ዶላር ከገቢው ይቀነስለታል ማለት ነው። ይሄን የሚያክል ነገር ግን ማንም በፖስታ አይልክልህም።

ያሬድ፦ አፑ ማይሉን ያሳያል እኮ።

ሄለን፦ ሁልጊዜ ሙሉውን አይደለም። አፑን ከፍተህ ጥሪ እየጠበቅክ የነዳኸው፣ ተሳፋሪ ልታነሳ የሄድክበት ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ የራስህ መዝገብ ያስፈልጋል፦ ቀኑ፣ የት ሄድክ፣ ለምን ሄድክ፣ ስንት ማይል። በዚያው ቀን ወይም በቅርብ የተጻፈ መሆን አለበት። ደብተርም ይሁን ስልክህ ላይ፣ ለውጥ የለውም።

ያሬድ፦ ዓመቱን ሙሉ ያልጻፈስ?

ሄለን፦ በግምት ቁጥር አይጥራ፤ ይሄን አጥብቄ እላለሁ። አይ አር ኤስ ማስረጃ የጠየቀ ቀን የሚያሳየው ነገር ያጣል። ይልቅ ያለውን ይሰብስብ፦ የአፑን የጉዞ ታሪክ፣ ዘይት ሲቀይር የተሰጠውን ደረሰኝ። ጋራዦች ብዙ ጊዜ የመኪናውን ማይል ደረሰኙ ላይ ይጽፋሉ፤ ሁለት ሦስት ደረሰኝ ካለ በመካከሉ ስንት እንደተነዳ ይታወቃል። ለዘንድሮው ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይጻፍ።

ያሬድ፦ የቤንዚን ደረሰኝስ? እኔ አንድ ካርቶን ሙሉ አለኝ።

ሄለን፦ በማይል ከቀነስክ ቤንዚኑ፣ ጥገናው፣ ኢንሹራንሱ ዳግመኛ አይቀነስም፤ 70 ሳንቲሟ ውስጥ ተቆጥሯል። ለሥራ የከፈልከው የቶልና የፓርኪንግ ደረሰኝ ግን ይጠቅምሃል፤ እሱን ለይተህ ያዝ።

ያሬድ፦ እሺ። ልጆቹስ? ካርዳቸውን ይዣለሁ።

ሄለን፦ ካርዱ ማንነታቸውን ያሳያል፤ አብረውህ መኖራቸውን አያሳይም። በልጅ ምክንያት የሚገኝ ክሬዲት፣ ማለትም የታክስ ቅናሽ፣ ብዙውን ጊዜ ልጁ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ አብሮህ እንዲኖር ይጠይቃል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ወይም ከሐኪም ቤት፣ የልጁ ስምና ያንተ አድራሻ ያለበት፣ የታክሱን ዓመት የሚመለከት ወረቀት ያዝ። አንዲት እናት አልረሳትም። የእህቷን ልጅ ታሳድጋለች፤ ማለዳ ተነስታ የምታደርሰው እሷ፣ ሲያመው የምታድረው እሷ። የትምህርት ቤቱ ወረቀት ላይ ያለው ግን የድሮው አድራሻ ነው። የዚያን ቀን ሳታሠራ ተመለሰች። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አምጥታ ተሠራላት፤ ግን ከሥራ ሁለት ቀን ቀርታ ነው።

ያሬድ፦ ደሞዟ የሰዓት ከሆነ ያ ቀላል አይደለም።

ሄለን፦ አይደለም። ልጅ የሚጠብቅላችሁ ሰው ካለም፣ ስሙን፣ አድራሻውንና የሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የድርጅት ቁጥሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ያሬድ፦ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ላንሳ። አገር ቤት ለእናት ለአባት የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ ይያዛል?

ሄለን፦ እሱ አይቀነስም። ወላጅ ኢትዮጵያ ነዋሪ ከሆነ፣ አሜሪካዊ ዜጋ ካልሆነ በቀር፣ ዲፔንደንት፣ ማለትም በእናንተ የሚተዳደር፣ ተብሎም አይገባም። ስንቱ ከጉሮሮው ቀንሶ እንደሚልክ ስለማውቅ ይሄን ለሰው መንገር ሁሌም ይከብደኛል። መያዝ ያለበት ሌላው ወገን ነው፦ አገር ቤት ያከራያችሁት ቤት ካለ የኪራዩ ገቢ ይነገራል። ከአሜሪካ ውጭ ያሉ የባንክ ሒሳቦቻችሁ ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ ኤፍባር የሚባል ከታክሱ የተለየ ሪፖርት አለ። የሒሳቡን መግለጫ ይዛችሁ ሂዱ።

ያሬድ፦ እሺ፣ ተረድቻለሁ።

ሄለን፦ አንተ፣ የጤና ኢንሹራንሳችሁ ከየት ነው?

ያሬድ፦ ከማርኬትፕሌስ፣ በመንግሥት ድጎማ ኢንሹራንስ ከሚገዛበት፣ ነበር። ባለቤቴ ኦክቶበር ላይ በሥራዋ በኩል ስታገኝ እሱን ዘጋነው።

ሄለን፦ ቅድም ስትዘረዝር ማርኬትፕሌስ የሚሰጠውን የኢንሹራንስ ወረቀት፣ 1095-ኤን፣ አልሰማሁም።

ያሬድ፦ እሱ ግድ ነው እንዴ? ዘጠኝ ወር ብቻ እኮ ነው።

ሄለን፦ አንድ ወርም ቢሆን ግድ ነው። መንግሥት በየወሩ የከፈለላችሁ ድጎማ ከእውነተኛ ገቢያችሁ ጋር የሚመሳከረው በሱ ነው። ያለሱ ታክሱን በኤሌክትሮኒክ ብትልኩት አይ አር ኤስ ሳይቀበለው ይመልሰዋል። ፖስታ ቢጠፋ እንኳ ድረ ገጹ ላይ አካውንታችሁ ውስጥ አለ፤ አሁን ክፈተው።

ያሬድ፦ ቆይ... አዎ፣ አለ። ግን እዚህ እስከ ዲሴምበር ነው የሚለው። ሦስቱም ወር ላይ ድጎማ ተጽፏል።

ሄለን፦ ኦክቶበር ላይ ነው ያልከኝ?

ያሬድ፦ ሴፕቴምበር መጨረሻ ደውላ ዘግታዋለች፤ ማረጋገጫ ኢሜይሉም አለ።

ሄለን፦ እንግዲያው ቅዳሜ በዚህ ወረቀት እንዳትሠራ። እንዲህ ከገባ የሦስቱን ወር ድጎማ መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ። ማርኬትፕሌስ ደውላችሁ ማረጋገጫውን አሳዩ፤ የተስተካከለ 1095-ኤ ይልኩላችኋል። እስከ ኤፕሪል 15 ጊዜ አላችሁ።

ያሬድ፦ ነገ ጠዋት እደውላለሁ። ታክስ ሠሪውንም ቀጠሮዬን ሁለት ሳምንት እንዲያራዝምልኝ እጠይቀዋለሁ። ያን ካርቶንም ዛሬ ማታ እበትነዋለሁ፤ ውስጡ የቶል ደረሰኝ ሳይኖር አይቀርም።