በፊርማ የፈረሰው የዋንስቴድ ቤት

ጤና ይስጥልኝ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከእግር ጉዟችን በፊት ስለምንሄድበት ቦታ ትንሽ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። ቡናው እስኪፈላ ታገሱኝ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ ወደ እኛ እየመለስኩ ላደናግራችሁ አልፈልግም።

ዋንስቴድ ፓርክን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ምሥራቅ ለንደን የምንኖር ሰዎች ልጆቻችንን በጋሪ የገፋንበት ነው። ሚያዝያ ላይ ጫካው ውስጥ ያ ሰማያዊ አበባ ሲነጠፍ ፎቶ ያልተነሳ የለም። እኔም ለዓመታት ስመላለስበት አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ሐይቆቹ የሰው እጅ ሥራ ናቸው። ዛፎቹ ቀጥ ባለ ረድፍ ቆመዋል። ሁሉ ነገር ወደ አንድ ትልቅ ቤት የሚያደርስ ይመስላል። ቤቱ ግን የለም። ድንኳኑ ተጥሎ ደጋሹ የጠፋበት ሠርግ በሉት።

ቤቱ ነበረ። ያውም እንግሊዝ አገር ተወዳዳሪ የለውም የተባለ።

ነገሩን የጀመረው አንድ ነጋዴ ነው። ሰር ጆሳያ ቻይልድ ይባላል። ለባሕር ኃይሉ ስንቅ እያቀረበ ጀመረ፤ ኋላ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የበላይ ሆነ። ዋንስቴድን በ1673 ገዛ። ቦታው ያኔ የኤፒንግ ጫካ አካል ነው፤ አፈሩም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እሱ ግን የዋልነት ዛፍ በረድፍ አስተከለበት፤ የዓሣ ኩሬ አስቆፈረበት። የሕንድ ንግድ ትርፍ ነው እዚህ አፈር ውስጥ የገባው። እንግሊዞች ስለ ቤቱ ውበት ሲያወሩ ይህችን ቶሎ ያልፏታል፤ እኔ ግን ላልፋት አልወድም።

ልጁ ሪቻርድ ሀብታም መባል አልበቃው አለ። መኳንንት መሆን ፈለገ። ማዕረጉን ደረጃ በደረጃ አገኘው፤ በ1731 ኧርል ቲልኒ ተባለ። ለማዕረጉ የሚመጥን ቤት ግን ቀደም ብሎ ጀምሮ ነበር። ከ1715 አንስቶ በቦታው የነበረውን አሮጌ ቤት አስፈርሶ አዲሱን አሠራ። አርክቴክቱ ስኮትላንዳዊው ኮለን ካምቤል ነው። የጣልያኑን የፓላዲዮን አሠራር እንግሊዝ ውስጥ ካስፋፉት አንዱ እሱ ነው። ፊት ለፊቱ ወደ 80 ሜትር ይረዝማል፤ መሐሉ ላይ ስድስት ግዙፍ ዓምዶች። ውስጡን ለማስጌጥ ዊልያም ኬንት ተጠራ። ዊልያም ሆጋርት የቤተሰቡን ግብዣ ሥሎታል፤ ሥዕሉ ዛሬ ፊላደልፊያ ሙዚየም ውስጥ ነው። ዮርክሺር ያለው ዌንትወርዝ ውድሃውስ መልኩን ከዚሁ ቤት ቀድቷል። ዋናው ፈርሶ ቅጂው እስከ ዛሬ ቆሟል!

ለቤቱ 360,000 ፓውንድ ወጣ ይባል ነበር። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

የለንደን ሰው አትክልቱን ለማየት እየጎረፈ ስላስቸገረ፣ ጉብኝቱ በሳምንት ወደ አንድና ሁለት ቀን ተወሰነ። የእሁድ ሽርሽር እኛ የጀመርነው አይምሰላችሁ።

መካከሉን ልዝለለው። የሪቻርድ ልጅ፣ ሁለተኛው ኧርል፣ አብዛኛውን ዕድሜውን ጣልያን አሳልፎ ልጅ ሳይወልድ በ1784 ሞተ። ርስቱ ወደ እህቱ ልጅ ዞረ። እሱም ሞተና ለትንሽ ልጁ ተረፈ። ልጁም በ1805፣ ገና በ11 ዓመቱ አለፈ። ሁሉም ነገር በታላቅ እህቱ እጅ ወደቀ።

እሷ ካትሪን ናት። ካትሪን ቲልኒ ሎንግ። ዛሬ ስሟን እንድትይዙልኝ የምፈልገው አንዲት ሴት ብትኖር እሷ ናት። ያኔ 16 ዓመት ገደማዋ ነበር። በእንግሊዝ አንደኛ ባለጸጋ ልጃገረድ ተባለች። ጋዜጦች አላስቀምጥ አሏት። የንጉሡ ልጅ፣ የክላረንስ መስፍን፣ ኋላ ዊልያም አራተኛ ተብሎ የነገሠው፣ አግቢኝ ብሎ ለመናት። ዕዳ ነበረበት፤ ከአንዲት ተዋናይትም አሥር ልጆች ወልዶ ነበር። እምቢ አለችው። ልጅቷ ሞኝ አልነበረችም ማለት ነው።

ግን ወደደች። የወደደችው ዊልያም ዌልስሊ ፖልን ነው፤ ናፖሊዮንን ያሸነፈው የጦር መሪ፣ የዌሊንግተን መስፍን የወንድም ልጅ። መልከ መልካም፣ ፈረስ ላይ የሚያምርበት፣ ኪሱ ግን የተቀደደ። መጋቢት 1812 ተጋቡ። ቀለበት ረስቶ መጥቶ ከጌጥ ሻጭ ተልኮ መጣለት ይባላል። ስሙን ከስሟ ጋር ቀጣጥሎ ፖል ቲልኒ ሎንግ ዌልስሊ ተባለ፤ ጋዜጦቹም በስሙ ርዝመት ሲሳለቁበት ከረሙ።

አሁን እዚህ ጋ አንድ ደቂቃ ልቁም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ገንዘብና ዕቃዋ የባሏ ነው። መሬቷን ደግሞ በትዳር እስካሉ ድረስ የሚያዝበት እሱ ነው። ይህ የተለወጠው ቆይቶ ነው፤ በ1870 እና በ1882 በወጡ ሕጎች። ሀብታም ቤተሰቦች ይህን ስለሚያውቁ ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ውል ያስፈርማሉ። የካትሪንም ወገኖች አስፈርመው ነበር። ውሉ መሬቱን ለሚወለደው ወንድ ልጅ አስሮታል። ዊልያም ገቢውን መብላት ይችላል፤ መሬቱን ግን አይሸጥም።

ጎበዙ ቀዳዳ አላጣም። ይደግሳል፣ ያድናል፣ ይጫወታል፣ ለምርጫ ገንዘብ ይረጫል፣ ከዚያ ይበደራል። በእያንዳንዱ ብድር ላይ ፊርማውን ያኖራል። አሥር ዓመት ብቻ ነው የፈጀበት። በ1822 አበዳሪዎች ሲያጣድፉት ወደ አውሮፓ ሸሸ።

ሰኔ 1822 ዕቃው ሐራጅ ወጣ። አጫራቹ ጆርጅ ሮቢንስ የሚባል ምላሱ የሰላ ሰው ነው። ጨረታው 32 ቀን ፈጀ። አስቡት፤ አንድ ወር ሙሉ ምንጣፍ፣ መስታወት፣ ሐውልት፣ አልጋ እየተጠራ። የተገኘው 41,000 ፓውንድ ገደማ ነው። ዕዳውን አልሸፈነም። ቤቱን ከነግርማው የሚፈልግ ደግሞ ጠፋ። መሬቱ ስለታሰረ፣ ያለ መሬቱ ማን ይገዛዋል? ስለዚህ በቁሙ፣ ለድንጋዩና ለእንጨቱ ተሸጠ። ከኖርዊች የመጡ ግንበኞች በ10,000 ፓውንድ ወሰዱት። ቅድም ያስያዝኳችሁን ቁጥር አሁን አውጡት።

አፍራሾቹ እርሳሱን ከጣሪያው ገፈፉ፤ እብነ በረዱን ነቀሉ፤ ድንጋዩን ክፍል በክፍል ሸጡ። ሌሎች የእንግሊዝ ትልልቅ ቤቶች በብዛት የፈረሱት ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ የውርስ ግብር፣ ጦርነትና የሠራተኛ ውድነት ተደራርበው ከአንድ ሺህ በላይ አስፈርሰዋል። ይሄኛው ግን ለማንም ግብር አልፈረሰም።

ካትሪንስ? ባሏ ጣልያን ውስጥ ከአንድ መኮንን ሚስት ጋር ሲገጥም ትታው ተመለሰች። መስከረም 1825፣ ገና በ35 ዓመቷ ሞተች። ልጆቹን ለእህቶቿ አደራ ብላ ነበር። አባት ልጆቼን አምጡ አለ። በጊዜው ልጅ የአባት ነው፤ አለቀ። እህቶቿ ግን ተሟገቱ። በጊዜው የአገሩ ትልቁ ዳኛ፣ ሎርድ ቻንስለር ኤልደን፣ በ1827 ፈረዱለት እንዳትሉ፤ በምግባሩ ምክንያት ከለከሉት። በ1828 የጌቶች ምክር ቤት ፍርዱን አጸና። ሕግ የሚማሩ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፤ ከቤቱ ይልቅ ይህን ክርክር ሳያውቁት አይቀሩም። ቤቷን ማዳን አልቻለችም፤ ልጆቿ ግን እሱ እጅ አልወደቁም። ለኔ ትልቁ ዜና ይሄ ነው። እሱ በ1857 ለንደን ውስጥ በኪራይ ክፍል ሞተ።

የኛ ሰው «የማን ቤት ጠፍቶ የማን ሊበጅ፣ ያውሬ መፈንጫ ይሆናል እንጂ» ይላል። እዚህ በከፊል ነው የሠራው። ያቺ አስቸጋሪ ውል መሬቱን አንድ ላይ ይዛው ቆየች። ልጃቸው በ1863 ሲሞት ለዘመዱ ለኧርል ካውሊ አወረሰው። ከካውሊ ላይ የለንደን ሲቲ አስተዳደር በ1880 ፓርኩን ገዛ፤ በ1882 ለሕዝብ ተከፈተ። ቤቱ የነበረበት ጎን ደግሞ የጎልፍ ሜዳ ሆነ። ያውሬ ሳይሆን የጎልፍ ኳስ መፈንጫ።

እንግዲህ ወደ ጉዞው። መጀመሪያ ዓምድ ያለውን ትንሹን ቤት እናያለን፤ ቴምፕል ይሉታል፤ ከድሮው ከተረፉት አንዱ ነው። ቀጥሎ ሐይቁ ዳር በ1884 የተቃጠለውን ሰው ሠራሽ ዋሻ። መጨረሻ ላይ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጋ እንቆማለን፤ የነጋዴው የሰር ጆሳያ ሐውልት ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ጎልፍ ሜዳው ስታዩ ሣር የለበሰ ሰፊ ጉድጓድ አለ። ቤቱ ማለት እሱ ነው። ልጆቹን ወደዚያ እንዳትለቋቸው፣ ኳስ ይመታቸዋል።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፤ ሽታው መጣ። ሐይቁ ዳር ጭቃ ስላለ ነጭ ጫማ ያደረጋችሁ አስቡበት።