ለጥይቱ የተገኘው ጊዜ ለፍቅሩ ጠፋ፦ ስለ «ጋንግስተር ስኳድ» ፊልም የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የፊልም ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ለዛሬው ውይይታችን የተመረጠውና አሁን አብረን ተመልክተን የጨረስነው ፊልም እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ለእይታ የበቃው «ጋንግስተር ስኳድ» ነው። የመክፈቻውን አስተያየት እንዳቀርብ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ፊልሙን ለማወደስ የሚቀል ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን አዝኜበታለሁ፣ ያዘንኩበትንም ምክንያት ሳልሸፋፍን ልናገር እወዳለሁ። ፊልሙ ሰው እንዴት እንደሚገደል ለማሳየት ያወጣውን ጊዜና ጥንቃቄ፣ ሰው ሰውን እንዴት እንደሚወድ ለማሳየት አላወጣም፤ በዚህም የተነሳ ፍቅሩ ብቻ ሳይሆን ግድያውም ራሱ ክብደት አጥቷል።

ቅሬታዬን ያበረታው የተዋንያኑ ማንነት ነው። በምርጥ ተዋናይነት ሁለት ጊዜ የኦስካር ተሸላሚ የሆነው ሾን ፔን የወንበዴዎቹን አለቃ ሚኪ ኮኸንን ይጫወታል። ጆሽ ብሮሊን ኮኸንን ከሎስ አንጀለስ ለማስወገድ በምስጢር የተቋቋመውን ልዩ የፖሊስ ቡድን የሚመራውን ሳጅን ኦማራን፣ ራያን ጎስሊንግ ባልደረባውን ጄሪ ውተርስን፣ ኤማ ስቶን በኮኸንና በውተርስ መካከል የምትገኘውን ግሬስ ፋራዴይን፣ ኒክ ኖልቲ ደግሞ የፖሊስ አዛዡን ዊልያም ፓርከርን ሆነው ቀርበዋል። አንተኒ ማኪ፣ ማይክል ፔኛ፣ ጆቫኒ ሪቢሲ፣ ሮበርት ፓትሪክና ሚሬይ ኢኖስም አሉበት። ከእነዚህ መካከል ሦስቱን ብቻ ያገኘ አዘጋጅ ራሱን እንደ ዕድለኛ በቆጠረ ነበር። በተለይም ጎስሊንግና ስቶን ከዚህ ፊልም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በአንድ የፍቅር ኮሜዲ አብረው ተጫውተው ተመልካች ወዷቸዋል፤ በ2016 ደግሞ በዚህችው በሎስ አንጀለስ ከተማ በሚያልፍ ሌላ የፍቅር ታሪክ፣ በ«ላ ላ ላንድ»፣ እንደገና ተገናኝተው ስቶን ኦስካር ተሸልማበታለች። እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች አንዱ ሌላውን ሲያይ ተመልካችን ማሳመን እንደሚችሉ ከዚህ ፊልም በፊትም ሆነ በኋላ ማስረጃ አለን። በመካከል ያለው ይህ ፊልም ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ ጉድለቱን ከተዋንያኑ ሳይሆን ከተሰጣቸው ጽሑፍና ከአዘጋጁ ምርጫ መፈለግ ይኖርብናል።

የመጀመሪያውን ትዕይንት አስታውሱ። ዘመኑ 1949 ነው። «ሆሊዉድላንድ» ከሚለው ትልቅ የተራራ ላይ ጽሑፍ ሥር፣ ከቺካጎ የመጣ አንድ ሰው በሁለት መኪኖች መካከል በሰንሰለት ታስሮ ይታያል፤ ኮኸን ጥቂት ይናገራል፣ ከዚያም መኪኖቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ይነዳሉ። መብራቱ፣ ድምፁና የካሜራው አቀማመጥ ሁሉ በብርቱ ጥንቃቄ ተሠርቷል። ያ ሰው ግን ማን እንደሆነ፣ ቤተሰብ እንዳለው፣ ምን እንደሚፈራ አናውቅም። የምናውቀው የሞቱን አኳኋን ብቻ ነው። በእኔ እምነት አዘጋጁ ሩበን ፍላይሸር በዚህ ትዕይንት ለቀሪው ፊልም ደንብ አውጥቷል፤ ከዚያ በኋላ የሚሞቱት አብዛኞቹ ሰዎች የሚታወሱት በስማቸው ሳይሆን በአሟሟታቸው ነው። ወደ መጨረሻ ገደማ በሆቴሉ አዳራሽ በሚደረገው ተኩስ የገና ዛፍ ጌጦች በዝግታ ሲፈነዱና ስብርባሪያቸው በአየር ላይ ሲንሳፈፍ አይተናል። ውብ ሆኖ ተቀርጿል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከወደቁት ሰዎች ይልቅ ጌጦቹ በዓይናችን ውስጥ የቀሩ ከሆነ፣ ፊልሙ ያከበረው ምን እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

ወደ ፍቅሩ ልምጣ። ውተርስ ግሬስን በምሽት ክበብ ውስጥ ያያታል። ቀይ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጥቂት የተሳሉ ቃላት ይለዋወጣሉ፤ ብዙም ሳይቆይ አብረው አልጋ ላይ እናገኛቸዋለን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፊልሙ ይህን ግንኙነት ሰው ሕይወቱን ሊከፍልለት የሚገባ ታላቅ ፍቅር አድርገን እንድንቀበልለት ይጠይቀናል። ግሬስ የኮኸን ሴት ናት፤ ቢደርስባቸው ሁለቱም እንደሚገደሉ ያውቃሉ። እንዲህ ያለ አደጋ የሚገቡ ሰዎች እርስ በርሳቸው ያገኙት ነገር ምንድን ነው? እሷ ከእሱ ምን ትፈልጋለች? ከጦርነት ተመልሶ በሥራውም በከተማውም ተስፋ የቆረጠ የሚመስለው ይህ ፖሊስ፣ ሌላ ማንም ያላየውን ምን አየባት? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሆን አንድ ሙሉ ንግግር እንኳ አልተጻፈላቸውም። ስቶን በዓይኖቿ ብቻ የምትችለውን ያህል ለማለት ስትሞክር ይታያል፤ ጎስሊንግም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልተጻፈውን ሊሞላ ይጥራል። ሁለቱም አሳዝነውኛል።

ይበልጥ የሚያስቆጨው ግን ጥሩ ነገር ደጃቸው ደርሶ ሳያስገቡት መቅረታቸው ነው። በፊልሙ ውስጥ ግሬስ ለኮኸን ሥነ ሥርዓት እንድታስተምረው፣ ማለትም ገበታ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ በጨዋ ሰዎች መካከል እንዴት እንደሚናገር እንድታሳየው የተቀጠረች ሴት ናት። እስቲ አስቡት፤ ሰው በሰንሰለት የሚያስገነጥል ሰው ሹካ አያያዝ ሲማር፣ አስተማሪዋም ሲሳሳት ልታርመው ይገባ ወይስ ዝም ትበል እያለች በፍርሃት ስታመነታ። ፍርሃቷን፣ ብልኃቷን፣ ከዚያ ቤት የመውጣት ጉጉቷን በአንድ ገበታ ዙሪያ ማሳየት ይቻል ነበር። ውተርስን ለምን እንደመረጠችም ከዚያ እንረዳ ነበር። ፊልሙ ይህን በጥቂት ቃል ነክቶት ወደ ቀጣዩ ተኩስ ይሄዳል።

ፊልሙ ፍቅርን ጨርሶ ማሳየት አልቻለም እንዳልል የሚያደርገኝ ግን አንድ ትዕይንት አለ፤ እሱም ከሁለቱ ወጣቶች ሳይሆን ከኦማራና ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ከኮኒ የመጣ ነው። ኦማራ ለምስጢራዊው ቡድን ሰዎች መምረጥ አለበት። ኮኒ ባሏ ይህን ሥራ መያዙን ትጠላለች፤ ብትለምነውም እንደማይተወው ታውቃለች። ስለዚህ የፖሊሶቹን መዝገብ ራሷ ታገላብጣለች፤ ንጹሕና ተሸላሚ የሆኑትን እየተወች፣ ሻካራ የሆኑትን፣ አለቆቻቸው የማይወዷቸውን፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ግን ከባሏ አጠገብ የማይሸሹትን ትለያለች። ሚሬይ ኢኖስ ይህን ስትጫወት ጩኸት የለም፣ እንባ የለም፤ ጣቷ መዝገብ ላይ ነው። ባሏን እንዳታጣ የምትፈራ ሴት ፍርሃቷን ወደ ሥራ ስትለውጠው እናያለን። ይህን ካየሁ በኋላ ወንበዴዎቹ የኦማራን ቤት በጥይት ሲደበድቡ ልቤ በእውነት ደንግጧል፤ ምክንያቱም በዚያ ቤት ውስጥ ያለችውን ሰው አውቃታለሁ። በሌላው ተኩስ ሁሉ ያልደነገጥኩት የጥይቱ ብዛት አንሶ አይደለም።

በዚህ ቦታ ስለ ፊልሙ የሚታወቅ አንድ መራራ ታሪክ ማንሳት አስፈላጊ ነው። ፊልሙ መጀመሪያ ሊወጣ የታሰበው በመስከረም 2012 ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 20 ቀን በኮሎራዶ ግዛት ኦሮራ ከተማ አንድ ታጣቂ ሲኒማ ቤት ገብቶ 12 ሰዎችን ገደለ። በዚህ ፊልም ውስጥ ደግሞ ወንበዴዎች ከሲኒማ ስክሪን ጀርባ ሆነው በተመልካቾች ላይ ሲተኩሱ የሚያሳይ ትዕይንት ተቀርጾ ነበር። የፊልሙ ኩባንያ ዋርነር ብራዘርስ ትዕይንቱን አወጣው፤ በቦታውም ዛሬ ያያችሁት በቻይናታውን ውስጥ የሚፈጸመው ጥቃት አዲስ ተጽፎ ተቀረጸ፤ ፊልሙም ወደ ጥር ተዛወረ። ውሳኔው ለሟቾች ክብር የሰጠ፣ ተገቢም ውሳኔ ነበር። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የፊልሙ ትልቅ ትዕይንት ተነቅሎ ሌላ ሲተከልበት፣ በገጸ ባሕርያቱ ሕይወት ውስጥ የጎደለ ነገር እንዳለ የሚሰማን አለን? እኔ አልተሰማኝም። ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ትዕይንት በየትኛውም ሰፈር፣ በየትኛውም ሰው ላይ ሊፈጸም የሚችል ከሆነ፣ ከመጀመሪያውም ከሰዎቹ ጋር የተያያዘ አልነበረም ማለት ነው።

እኛ በዚህ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ በቅርብ የምናይበት የራሳችን ምክንያት አለን። ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ከተሰየመው የፌርፋክስ ሰፈራችን ወደ ሰሜን በመኪና ብንወጣ ሰንሴት ጎዳና ላይ እንደርሳለን። ብዙዎቻችሁ ለሥራ የምታልፉበት ያ ጎዳና የእውነተኛው ሚኪ ኮኸን መዋያ ነበር። ኮኸን በቦይል ሃይትስ ያደገ፣ በወጣትነቱ ቦክሰኛ የነበረ፣ በሰኔ 1947 የወንበዴዎች አለቃ የነበረው በግሲ ሲገል በቤቨርሊ ሂልስ ከተገደለ በኋላ የከተማውን ቁማር ለመጠቅለል የተነሳ ሰው ነው። ሰንሴት ላይ የወንዶች ልብስ መሸጫ ሱቅ ነበረው። በሐምሌ 1949 በዚያው ጎዳና ከአንድ ምግብ ቤት ሲወጣ ተተኩሶበት ትከሻው ላይ ቆስሏል፤ በየካቲት 1950 ብሬንትዉድ የሚገኘው ቤቱ በቦምብ ሲመታ እሱም ሚስቱም ተርፈዋል። እጁን ደጋግሞ በመታጠብ የታወቀ፣ ከቆሻሻ የሚሸሽ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ለመጫወት ከሾን ፔን የተሻለ ተዋናይ ማግኘት ይከብዳል፤ ሆኖም ፊቱ በሜካፕ ከብዶ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲጮኽ ተደርጓል። በፊልሙ ውስጥ ሚስትም የለችውም። የሚፈራው፣ የሚያፍርበት፣ የሚሳሳለት ነገር አላገኘንበትም።

ልዩ ቡድኑም በእውነት የነበረ ነው። ጋዜጠኛው ፖል ሊበርማን በሎስ አንጀለስ ታይምስ ባወጣቸው ተከታታይ ጽሑፎች የቡድኑን ታሪክ ዘርዝሮታል፤ ፊልሙም የተነሳው ከዚያ ነው። ቡድኑ የተቋቋመው በ1946 ሲሆን ፓርከር የፖሊስ አዛዥ የሆነው በ1950 ነው። ኮኸንን የጣለውም ፊልሙ እንደሚያሳየን የቡጢ ፍልሚያና የግድያ ፍርድ አይደለም፤ በ1951 እና እንደገና በ1961 የተፈረደበት በግብር ስወራ ነው። አልካትራዝ እስር ቤት የገባውም በዚሁ ነው። ከእስር ወጥቶ እስከ 1976 ኖሯል።

ፊልም የታሪክ መጽሐፍ አይደለም የሚል ሰው በመካከላችን ይኖራል፤ እስማማለሁ። ደራሲ ዓመት ቢያዛውር፣ ያልነበረች ግሬስን ቢፈጥር መብቱ ነው። ለውጡ ግን ሰዎቹን ማተለቅ ነበረበት። እውነተኛው ታሪክ ውስጥ ሌሊቱን በድብቅ ማዳመጫ የሰውን ቤት ሲያዳምጡ የሚያድሩ፣ ለገዛ ሚስቶቻቸው የት እንዳመሹ የማይናገሩ ፖሊሶች አሉ። ለፍቅር ታሪክ ከዚህ የበለጠ ምን መነሻ ይፈለጋል? ፊልሙ ይህን ትቶ መትረየስ መረጠ።

በመካከላችን ፊልም የምትጽፉና የምታዘጋጁ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። በአማርኛ ፊልሞቻችን የፍቅር ታሪክ ሰፊ ቦታ አለው፤ በፖስተር ላይ ታዋቂ ፊት መደርደርም ለእኛ እንግዳ አይደለም። እባካችሁ ተዋናይ ከመጥራታችሁ በፊት ሁለቱ ሰዎች ብቻቸውን የሚቀመጡበትን ገጽ ጻፉ። ይህን የምለው በተዋናይ ችሎታ ላይ ባለኝ ታላቅ አክብሮት ነው፤ ስቶንን የሚያህል ተዋናይ ባዶ ገጽ ይዛ ካሜራ ፊት እንድትቆም ማድረግ ለእሷም ለእኛም በደል ነው።

ውይይቱን በግሬስ ብንጀምረው ደስ ይለኛል። የውተርስ ወዳጅ ጃክ ዌለን ሊደብቃት ሲል በፊቷ ሲገደል አይታለች፤ ኮኸንን ለመያዝ የሚያስችለውም የእሷ የምስክርነት ቃል ነው። የፖሊሶቹ መሣሪያ ሁሉ ያልቻለውን አንዲት ሴት «አይቻለሁ፣ እመሰክራለሁ» በማለቷ ቻለችው። ይህን ለማለት የወሰነችበት ሌሊት ግን በፊልሙ ውስጥ የለም። ጽሑፉ በእጃችሁ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት እንዴት ትጽፉት ነበር? ከማን ጋር ታስቀምጧት ነበር፣ ምንስ ታናግሯት ነበር? ሐሳባችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።